የ7 ዓመት ልጃችን በአባቱ አካውንት ነው ሮብሎክስ የሚጫወተው፤ አሁን ደግሞ «ፊት አሳዩ» ይላል

ቡና ከሰዓት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጃችን 7 ዓመቱ ነው፣ በአይፓድ ሮብሎክስና ማይንክራፍት ይጫወታል። ሁለቱም አካውንቶች የተከፈቱት በባለቤቴ ስም ነው፤ የልደት ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1985 ተብሏል፣ ካርድም ተያይዟል። የራሱን ልንከፍትለት ባሰብን ቁጥር የሚይዘን ነገር አለ። ሮብሎክስ ላይ ብዙ ዕቃ አጠራቅሟል። ማይንክራፍት በልጅ አካውንት ሲገባ መልቲፕሌየር (ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት መጫወት) አልተፈቀደልህም ይለዋል። አሁን ደግሞ ሮብሎክስ ለቻት ፊት አሳዩ ማለት ጀምሯል። ባለቤቴ «እኔ ፊቴን ላሳይና ይገላግለን» ባይ ነው።

አጠገቡ ተቀምጠን የምናየው ከሆነ በአዋቂ አካውንት መጫወቱ በትክክል ምን ያበላሻል? መቀየር ካለበትስ ከየቱ እንጀምር? «ለልጅ ታብሌት አይሰጥም» የሚለውን ምክር ከልብ አመሰግናለሁ፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

የታብሌት ሐኪም፦

ከሁሉ በፊት ባለቤትሽ ፊቱን እንዳያሳይ። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ሮብሎክስ እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ወዲህ ቻት የሚፈልገውን ሁሉ በካሜራ እያየ ዕድሜውን ይገምታል። ከዚያ በስድስት ክፍል ይመድበዋል፦ ከ9 በታች፣ 9–12፣ 13–15፣ 16–17፣ 18–20፣ 21 እና ከዚያ በላይ። ሰው በቻት የሚገናኘው ከራሱ ክፍልና ከጎኑ ካለው ክፍል ጋር ነው። እንግዲህ አባትየው ፊቱን ካሳየ ልጁ የሚመደበው ከ21 በላይ ካሉት ጋር ነው። የትምህርት ቤት ጓደኞቹ የሚጽፉትን አያይም፣ እነሱም የእሱን አያዩም። የሚያዋሩት የማያውቃቸው ጎልማሶች ብቻ ይሆናሉ። ልጆችን ከአዋቂ ለመለየት የታጠረ አጥር ነው፤ እናንተ ልጁን ከአጥሩ ማዶ አስገብታችሁ በሩን ልትዘጉበት ነው።

«አጠገቡ እንቀመጣለን» ላልሽው፣ መቀመጡ መልካም ነው፤ ግን አካውንቱ ራሱ የሚወስነውን ነገር ዓይን አያየውም። ሮብሎክስ ላይ ያሉት ጌሞች ከቀላሉ ወደ ከባዱ በአራት ደረጃ ተለጥፈዋል፦ ሚኒማል፣ ማይልድ፣ ሞደሬት፣ ሬስትሪክትድ። ከ9 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ የሚከፈቱለት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው። 1985 የሚል አካውንት ላይ ግን ሞደሬትም ማንንም ሳይጠይቅ ይከፈታል፤ ሬስትሪክትድ ደግሞ ባለቤቱ 18 መሙላቱ ከተረጋገጠ ይከፈታል። አባትየው በፊቱ ወይም በመታወቂያው የሚያረጋግጠው እንግዲህ ይሄንን ነው።

የጓደኝነት ጥያቄና መልእክትም አለ። ልጁ ተኝቶ እያለ ሌሊት ይመጣል፣ ጠዋት ታብሌቱን ሲከፍት ይጠብቀዋል። የመጀመሪያዋ መልእክት ክፉ አትመስልም። «ዕድሜህ ስንት ነው?» ወይም «ዲስኮርድ (ሌላ የመልእክት አፕ ነው) አለህ?» ትላለች። ሁለተኛዋ ጥያቄ ልጁን ከሮብሎክስ ማጣሪያ ውጭ ይዞ ለመውጣት ናት። ከ13 በታች በሆነ አካውንት ላይ ከጌም ውጭ የሚላክ የግል መልእክት ዝግ ስለሆነ ይህ በር ከነጭራሹ የለም።

ሕጉም የሚሠራው በተጻፈው ዕድሜ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኮፓ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብን ይከለክላል። የፎርትናይት ባለቤት ኤፒክ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በዚህ ሕግ ምክንያት 275 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ከክሱ ነጥቦች አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ቻት ለልጆችም ከመጀመሪያው ክፍት ሆኖ መምጣቱ ነበር። ኩባንያው ለልጆች የዘጋውን ቻት ለ1985ቱ ሰው አይዘጋም፤ ልጅ መሆኑን የሚያውቅበት የለውማ።

ቀበና፦

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ቻቱን ማጥፋት፣ ካርዱን ማንሳት፣ በቃ። አካውንቱ የማንም ቢሆን ምን ያመጣል?

የታብሌት ሐኪም፦

ወንድሜ፣ ያጠፋኸውን መልሶ የሚያበራው ታብሌቱን የያዘው ነው። የአዋቂ አካውንት ሴቲንግ ላይ ቁልፍ የለም። ድሮ ባለ 4 ቁጥር የወላጅ ፒን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ወላጅ በራሱ አካውንት ከሩቅ የሚቆጣጠርበት አሠራር ሲመጣ ፒኑ ቀረ። አዲሱ ቁጥጥር ደግሞ የሚያያዘው ከልጅ አካውንት ጋር ብቻ ነው። አዋቂን «ልጄ ነው» ብለህ ልታገናኘው አትችልም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እውነት አለህ። ኢንተርኔት የማይነካ ጌም ከሆነ፣ ለምሳሌ ማይንክራፍት ብቻውን የሚጫወተው ዓለም ወይም የእንቆቅልሽ ጌም፣ አካውንቱ የአባት ይሁን የአያት ለውጥ የለውም። ሰው ሁለቱን እየቀላቀለ ነው በከንቱ የሚጨነቀው።

ጌም ቤት፦

እህቴ፣ ዕቃው ስለሚያሳስብሽ አዲስ አካውንት አትክፈቺ። ሮበክስም (የሮብሎክስ ገንዘብ) ሆነ የተገዛ ልብስ ከአካውንት ወደ አካውንት አይዛወርም። በየጌሙ ያለው ደረጃ፣ የተገዛው ጌምፓስ (በአንድ ጌም ውስጥ የሚገዛ ልዩ ፈቃድ)፣ ያሳደገው እንስሳ ሁሉ የተቆለፈው ከዚያ አካውንት መለያ ቁጥር ጋር ነው። ለሮብሎክስ የደንበኞች አገልግሎት (ሰፖርት) ጽፈሽ ብትለምኚም አያዛውሩም።

የሚሻለው ያለውን አካውንት ወደ ልጁ እውነተኛ ዕድሜ ማውረድ ነው። ይህ የሚሆነው አባትየው እዚያ ላይ ሌላ የራሱ ነገር ከሌለውና ፊት ወይም መታወቂያ እስካሁን ካልሰጠ ነው። ፊቱን እንዳያሳይ የተባለው ለዚህም ጭምር ነው፤ ዕድሜ አንዴ በካሜራ ከተረጋገጠ ልደቱን ከሴቲንግ እንደልብ መቀየር አይቻልም፣ ለሰፖርት ጽፎ ማስረዳት ይመጣል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ ልዘርዝረው። በመጀመሪያ ፔይመንት ሜተድስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ የተቀመጠ ካርድ ካለ አንሱ። ቀጥሎ ኢሜይሉን ተመልከቱ፤ አካውንቱ ላይ ያለው የአባትየው የሥራ ኢሜይል ከሆነ ወላጆች ሁለታችሁም ወደምታዩት ቀይሩት። ሲኪዩሪቲ ውስጥ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ፣ እዚያው «ከሌሎች መሣሪያዎች ሁሉ ውጣ» የሚለውን ተጫኑ፤ የአጎት ልጅ ስልክ ላይ ከዓመት በፊት ተከፍቶ የቀረ ካለ ያኔ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ነው አካውንት ኢንፎ ውስጥ ልደቱን የልጁን እውነተኛ ቀን የምታደርጉት። ፓስዎርድ ይጠይቃል። ከ13 በታች ካደረጋችሁት በኋላ ከዚያው አካውንት ሆኖ ወደ ላይ መመለስ አይቻልም ብሎም ያስጠነቅቃል። የሚፈለገውም ይኸው ስለሆነ አትደንግጡ።

አሁን ፓረንታል ኮንትሮልስ የሚል ክፍል ይመጣል። እዚያ ውስጥ ወላጅ ጨምር የሚለውን ተጭናችሁ የወላጅ ኢሜይል ታስገባላችሁ። የሚላከው ሊንክ የሚያበቃው ወላጁ በራሱ የሮብሎክስ አካውንት ሲገባና በመታወቂያ ወይም በክሬዲት ካርድ አዋቂነቱን ሲያረጋግጥ ነው። ማለትም አባትየው ለራሱ አዲስ፣ ባዶ አካውንት ይከፍታል፤ መታወቂያውን የሚያሳየው በዚያኛው ላይ ነው። የልጁ እና የወላጁ አካውንት ሁለት መሆናቸውን ያዙልኝ፣ ግማሹ ችግር የሚመጣው ሰው በስህተት በልጁ አካውንት ላይ መታወቂያውን ሲያነሳ ነው።

ከዚያ ከአባትየው ስልክ የልጁን የጨዋታ ሰዓት፣ የጓደኞቹን ዝርዝርና የወር ወጪ ጣሪያ ታያላችሁ፣ ትወስናላችሁም። ከ9 በታች ስለሆነ ቻቱ ዝግ ሆኖ ይመጣል። ልክፈትለት ካላችሁ ወላጅ መፍቀድ አለበት፣ ልጁም የራሱን ፊት ያሳያል። በ7 ዓመቱ እኔ አልከፍትም። ጓደኞቹ ጋር ማውራት ካማረው በስልክ በድምፅ ማጉያ ደውላችሁ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው፣ ጌሙ ቻት ሳይኖረውም ይሠራል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የተጠቃሚ ስም ነው። አባትየው ሙሉ ስሙንና 85ን አጣብቆ ከሆነ የከፈተው፣ ያ ስም በየጌሙ ከልጁ ራስ በላይ ይታያል። የተጠቃሚ ስም መቀየር 1,000 ሮበክስ ያስከፍላል። ዲስፕሌይ ኔም የሚባለው ግን በነፃ ነው፣ በ7 ቀን አንዴ ይቀየራል። ቢያንስ እሱን ዛሬ ቀይሩት።

ሒሳብ አዋቂ፦

ካርዱ የተቀመጠው በሁለት ቦታ ሊሆን ይችላል። አይፓዱ ላይ ሮበክስ ሲገዛ የሚከፍለው አፕል ነው፣ ከአባትየው የአፕል አካውንት። በድረ ገጽ ከተገዛ ደግሞ ካርዱ ሮብሎክስ ራሱ ጋር ነው። ሰው አንዱን ዘግቶ ሁለቱንም ዘጋሁ ብሎ ይቀመጣል።

አይፓዱ ላይ ሴቲንግስ፣ ስክሪን ታይም፣ ኮንቴንት ኤንድ ፕራይቬሲ ሪስትሪክሽንስ፣ ከዚያ የአፕ ስቶር ግዢ የሚለው ጋ ግቡና ኢን አፕ ፐርቸስን ዶንት አላው አድርጉት። እዚያው ዝቅ ብሎ ፓስዎርድ ሁልጊዜ ይጠየቅ የሚል አለ፣ እሱንም ምረጡ። የስክሪን ታይም ኮዱ ታብሌቱ ከሚከፈትበት ኮድ የተለየ መሆን አለበት። ልጅ የመክፈቻውን ኮድ ከጣት እንቅስቃሴ አይቶ በሁለት ቀን ይሸመድደዋል። ደግሞ የልጁ አሻራ በአይፓዱ ላይ ተመዝግቦ እንደሆነ እዩ፤ ታብሌቱን እንዲከፍትበት ብላችሁ ያስገባችሁት አሻራ ግዢም ያጸድቃል።

ፓስዎርድ አንዴ ከገባ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ በሩ ክፍት የመቆየቱ ነገር የቆየ ጣጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አፕልን ቢያንስ 32.5 ሚሊዮን፣ ጉግልን ቢያንስ 19 ሚሊዮን ዶላር ለወላጆች እንዲመልሱ ያደረገው በዚህ ነው፤ አፕል ላይ 15 ደቂቃ፣ ጉግል ላይ 30 ደቂቃ ልጁ ያለ ፓስዎርድ ይገዛ ነበር። አንድሮይድ የያዛችሁ ፕሌይ ስቶር ከፍታችሁ ፎቷችሁን ተጫኑ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ፐርቸስ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ለሁሉም ግዢ አድርጉት። ይህ ምርጫ የሚሠራው በዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ያው አካውንት ሌላ ታብሌት ላይ ካለ እዚያም መደገም አለበት።

ገንዘብ አስቀድሞ ወጥቶ ከሆነ አፕል ጋ ሪፖርት ኤ ፕሮብለም በሚለው ገጹ ይጠየቃል። ጉግል ላይ በ48 ሰዓት ውስጥ ከሆነ ከራሱ ከፕሌይ ይጠየቃል፣ ካለፈ ወደ ጌሙ ባለቤት ይመሩሻል። ባንክ ደውሎ «አላውቀውም» ማለት የመጨረሻው ነው። ባንኩ ገንዘቡን ጎትቶ ሲመልስ የጌም ኩባንያዎቹ ብዙ ጊዜ አካውንቱን ይዘጉታል፤ የ20 ዶላር ክርክር የ200 ዶላር ዕቃ ይዞ ይሄዳል።

ለልጅ የሚመቸው የስጦታ ካርድ ነው። ሲያልቅ ያልቃል። ደግሞም ይረክሳል፦ በአፑ ውስጥ በ9.99 ዶላር 800 ሮበክስ ሲሆን በ10 ዶላር የስጦታ ካርድ ወይም በድረ ገጽ 1,000 ነው።

ሬድስቶን፦

ማይንክራፍቱን ማንም አልነካውም፣ እኔ ልያዘው። «መልቲፕሌየር አልተፈቀደልህም» የሚለው ስህተት አይደለም፣ የማይክሮሶፍት የልጅ አካውንት ሲከፈት ዝግ ሆኖ ነው የሚመጣው። ብዙ ወላጅ ተስፋ ቆርጦ የራሱን አካውንት የሚሰጠው እዚህ ጋ ነው፣ የሚፈጀው ግን አስር ደቂቃ ነው።

የወላጁ ማይክሮሶፍት አካውንት ልጁን በቤተሰብ ቡድን ውስጥ መያዝ አለበት፣ መጀመሪያ እሱን አረጋግጪ። ከዚያ በኮምፒውተር የማይክሮሶፍት በሆነው በኤክስቦክስ ድረ ገጽ ላይ በወላጁ አካውንት ግቢ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ኦንላይን ሴፍቲ የሚለውን ክፈቺና ከላይ ከተደረደሩት የልጁን ስም ምረጪ። የራስሽን ገጽ እንዳትቀይሪ፤ ሰው ግማሽ ሰዓት የራሱን ሲነካካ ውሎ «አልሠራም» የሚለው በዚህ ነው። ገጹ ሁለት ትር አለው፣ አንዱ ስለ ግል መረጃ፣ አንዱ ስለ ኦንላይን ደኅንነት። በሁለተኛው ውስጥ መልቲፕሌየር ጌም ውስጥ መግባት ይችላል የሚለውን ፍቀጂ። ሪልምስ (በደንበኝነት የሚከፈልበት የማይንክራፍት የጋራ ዓለም) የሚጫወት ከሆነ ክለብ መፍጠርና መግባት የሚለውም መፈቀድ አለበት፣ የሁለቱን ዝምድና ማን እንዳሰበው እንጃ። በመጀመሪያው ትር ውስጥ ያለውን በድምፅና በጽሑፍ ማን ያግኘው የሚለውን ደግሞ ጓደኞች ብቻ አድርጊው። ሰብሚት ሳትጫኚ አትውጪ። በመጨረሻ ልጁ ከማይንክራፍት ሙሉ በሙሉ ሳይን አውት ብሎ እንደገና ይግባ፤ ካልወጣ አሮጌውን ፈቃድ ይዞ ይቆያል።

የሠራቸው ቤቶች አይጠፉም ወይ ትይኝ ይሆናል። አይፓድ ላይ ዓለሞቹ የሚቀመጡት በመሣሪያው ውስጥ ነው። አካውንት ስትቀይሪ ይቆያሉ፤ አፑን ከሰረዝሽ ግን አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት ከእያንዳንዱ ዓለም ጎን ያለችውን እርሳስ ተጭነሽ ወደ ታች ውረጂ፣ ኤክስፖርት ዎርልድ ብለሽ ፋይልስ ውስጥ አስቀምጪ። ከማርኬትፕሌስ (ከማይንክራፍት መደብር) በአባትየው አካውንት የተገዙ ዓለሞችና ልብሶች ግን ከአባትየው ጋር ይቀራሉ።

ጌሙን ራሱን ዳግም መግዛት አያስፈልግም። አፕል ላይ ልጁን ፋሚሊ ሼሪንግ ውስጥ አስገብታችሁ የግዢ መጋራቱን ካበራችሁ በአባትየው የተገዛው አፕ ለልጁም ይወርዳል። ጉግልም ፋሚሊ ላይብረሪ አለው፣ ከእናንተ ሌላ እስከ 5 ሰው ይይዛል።

መርካቶ ሞባይል፦

እዚህ አዲስ አበባ ያለው ጉዳይ ትንሽ ይለያል፣ ለሚያነቡ ልጨምር። ብዙ ቤት ካርድ የለም፣ ያለው የእናት ስልክ ነው። ልጁ ፍሪ ፋየር ወይም ፐብጂ ሲከፍት በእናቱ ፌስቡክ ይገባል፣ አንዴ ተጭኖ ያልፋል። እናትየው የጌም አካውንት የላትም ብላ ታስባለች፤ ያላት ግን ከፌስቡኳ ጋር የታሰረ ነው። «ነፃ ስኪን (የጌም ገጸ ባሕርይ ልብስ) እሰጥሃለሁ፣ መግቢያህን ላክልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ልጁ የሚልከው የእናቱን የፌስቡክ ፓስዎርድ ነው። ከዚያ ያ ፌስቡክ ለዘመድ ሁሉ «ብር ላኩልኝ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል።

ጌስት ብሎ መግባትም መፍትሔ አይደለም። የጌስት አካውንት የተቀመጠው ስልኩ ውስጥ ነው፤ አፑ ቢጠፋ፣ ዳታው ቢጸዳ፣ ስልኩ ፎርማት ቢደረግ አይመለስም። ለጌም ብቻ የሚሆን፣ ፎቶም ስልክ ቁጥርም የሌለበት የጉግል አካውንት ወላጁ ይክፈትና በሱ ይታሰር። ፓስዎርዱን ወላጁ ይያዝ፣ ልጁ ማወቅ አያስፈልገውም።

ዳይመንድ ወይም ዩሲ (የፍሪ ፋየርና የፐብጂ ገንዘብ) በቴሌግራም ቻናል ከሚሸጡ ሰዎች በቴሌብር የምትገዙ ደግሞ፣ ሻጩ የሚያስፈልገው የተጫዋቹ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ፓስዎርድ ወይም በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ከጠየቀ ሌባ ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። የቴሌብር ፒን ከስልኩ መክፈቻ ጋር አንድ እንዳይሆን።

ስልኩን ለልጅ ስትሰጡ አፕ ፒኒንግ የሚባለውን ልመዱ፤ ሴቲንግስ ውስጥ ሲኪዩሪቲ ሥር አለ፣ ሳምሰንግ ላይ ፒን አፕ ይለዋል። ሲበራ ከመውጣቱ በፊት ፒን ይጠይቅ የሚለውን አብሩበት። ጌሙን ከፍታችሁ ትሰኩታላችሁ፣ ልጁ ወደ ቴሌግራምም ወደ ቴሌብርም መውጣት አይችልም።

ቡና ከሰዓት፦

ተባረኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፊቱን እንዳያሳይ ነግሬዋለሁ። አንድ የረሳሁት፦ ትልቁ ልጅ 12 ዓመቱ ነው፣ ፒኤስ 5 ላይ በአባቱ ፕሮፋይል ፎርትናይት ይጫወታል። ጌሞቹ የተገዙት በአባቱ ነው። ይሄስ በምን ይፈታል?

ጌም ቤት፦

ይሄኛው ከሮብሎክሱ ይቀላል፣ ከፎርትናይቱ በቀር።

አባትየው በራሱ ፕሮፋይል ገብቶ ሴቲንግስ ውስጥ ፋሚሊ ማኔጅመንት ጋ ልጁን በትክክለኛ ልደቱ ይጨምረው። የልጅ አካውንት የወር ወጪ ጣሪያው ዜሮ ሆኖ ይመጣል፣ እናንተ ካላነሳችሁት ምንም አይገዛም። ጌሞቹን በተመለከተ፣ በአባትየው ፕሮፋይል ሴቲንግስ ውስጥ ዩዘርስ ኤንድ አካውንትስ፣ አዘር በሚለው ሥር ኮንሶል ሼሪንግ ኤንድ ኦፍላይን ፕሌይ አለ። ይህ ከበራ በዚያ ማሽን ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮፋይል የአባትየውን ጌሞች ይጫወታል። ፒኤስ ፕላስ (የፕሌይስቴሽን የሚከፈልበት ደንበኝነት) ካላችሁም ኦንላይን መጫወቻው አብሮ ይጋራል።

በመጨረሻ በአባትየው ፕሮፋይል ላይ የመግቢያ ኮድ አድርጉ። ይሄ ካልተደረገ ከላይ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው፤ ማሽኑ ሲበራ ሁለት ፎቶ ይመጣል፣ ልጁ ገደብ የሌለበትን ይመርጣል። ኤክስቦክስ ላላቸው ያው ነው፣ እዚያ ኮዱ 6 ቁጥር ነው፣ የጌም መጋራቱ ደግሞ ሆም ኤክስቦክስ ይባላል። ስዊች ላይ ለየት ይላል፦ የወላጅ ቁጥጥሩ የሚሠራው በማሽኑ ላይ እንጂ በፕሮፋይል አይደለም። ስለዚህ 7 እና 12 ዓመት ልጆች አንድ ስዊች ከተጋሩ ገደቡ በትንሹ ልክ ነው የሚወጣው፣ ትልቁ ያኮርፋል።

ፎርትናይት የሚያስቸግረው ዕቃው ያለው ኤፒክ አካውንት ላይ ስለሆነ ነው። ሁለት ኤፒክ አካውንቶች አይዋሃዱም። ልጁ በአዲሱ ፕሮፋይል ፎርትናይትን ሲከፍት አዲስ ኤፒክ ይፈጠራል፣ ስኪኖቹ ባዶ ይሆናሉ። ይህን ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ራሱ ሲያገኘው አትጠብቁ። ከ13 በታች ስለሆነ የወላጅ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ወላጁ እስኪያጸድቅ ድረስ ይጫወታል፣ ግን የድምፅ ቻትና በገንዘብ መግዛት ዝግ ናቸው። ጀርመንና ኔዘርላንድ ያላችሁ አንባቢዎች፣ እናንተ ዘንድ የፈቃዱ ዕድሜ 13 ሳይሆን 16 ነው፣ የ14 ዓመት ልጃችሁም ኢሜይል ሲጠየቅ አትገረሙ።

ስታጸድቁ 6 ቁጥር ያለው ፒን ታወጣላችሁ። የድምፅ ቻቱን ጓደኞች ብቻ የሚለው ላይ አድርጉት፤ ለ12 ዓመት ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ማውራት የጌሙ ግማሽ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ከዘጋችሁበት ወደ አባቱ ፕሮፋይል የሚመለስበትን መንገድ ሲፈልግ ነው የሚውለው። የጓደኛ ጥያቄ ሲቀበል ፒን ይጠየቅ የሚልም አለ፣ እሱንም አብሩት። እያንዳንዱ ጓደኛ በገባ ቁጥር ልጁ መጥቶ ስሙን ይነግራችኋል ማለት ነው።

ቀበና፦

እሺ፣ ተረታሁ። ግን አባትየው ራሱ ፎርትናይት የሚጫወት ከሆነስ? ስኪኑ የማን ነው?

ጌም ቤት፦

የአባትየው። ኮዱን ያጥብቅ።